የብልጭታዋ ሰዓት፦ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከቮልስ እስከ ፎገራ የውኃ መሳቢያ

(ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በአቅራቢው የታረመ)



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ በወረቀት ላይ ሲነበብ ጠበብ ያለ ይመስላል። በአየር በሚቀዘቅዝ የቤንዚን ሞተር ውስጥ የካንዴላው ብልጭታ መቼ መነሣት እንዳለበት፣ ያም ሰዓት እንዴት እንደሚስተካከል አስረዳለሁ። ምሳሌዎቼ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ሁላችንም የምናውቃት አሮጌዋ ቮልስዋገን ናት፤ ሁለተኛው በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር በበጋ ወራት ከንጋት እስከ ምሽት የሚጮኸው ትንሹ የቤንዚን ውኃ መሳቢያ ነው። የምከራከርለት ነጥብ ግን አንድ ነው፦ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የብልጭታው ሰዓት ሲዛባ ለባለቤቱ አስቀድሞ አይናገርም፤ ስለዚህ በጆሮ ሳይሆን በልክ መስተካከል አለበት። ልኩን ለመውሰድ ደግሞ አንድ አምፖልና ሁለት ሽቦ ይበቃሉ።

ከራሴ ስሕተት ልጀምር

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ አንድ አሮጌ ቮልስ ገዛሁ። በአገራችን ቮልስ የማታስታውሰው ታሪክ ጥቂት ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው መኪና ነበር። የእኔዋ ታሪክ አልነበራትም፤ ስትነሣ የምትሰንፍ፣ ዳገት የምትፈራ መኪና ነበረች። እኔም የሜካኒካል ምሕንድስና ዲግሪ ስለያዝሁ መካኒክ መጠየቅን እንደ ውርደት ቆጠርሁት። ሞተሩን በዝግታ እያሠራሁ ዲስትሪቢዩተሩን በእጄ አዞርሁ፤ ድምፁ እየጠራ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ሄደ። በጣም ያማረበት ቦታ ላይ አጥብቄ አሰርሁት፤ በራሴም ተደሰትሁ።

በሳምንቱ እናቴንና ሁለት ዘመዶቻችንን ለተዝካር ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ይዤ ወጣሁ። እስከ ወረታ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ መኪናዋ በረረች። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ዓለም በርን ካለፍን በኋላ ዳገቱ ሲጀምር ከኋላችን ድንጋይ በቆርቆሮ ውስጥ የሚንቃጨል የሚመስል ድምፅ መጣ። እናቴ «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ብላ ጠየቀች፤ እኔም «የመኪናዋ እርጅና ነው» አልኋት። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ቆመ፤ ጉልበቷም አብሮ ቆመ። ተዝካሩ አመለጠን። መኪናዋ ተጎትታ ወደ ወረታ ተመለሰች፤ ሲፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን አናት ተበስቶ ተገኘ።

የፈቱት አዛውንት መካኒክ ፒስተኑን በእጃቸው ይዘው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ዜሮህ የት ነበር?» እኔም «ጋሼ፣ በድምፅ ነው ያስተካከልሁት» አልኋቸው። ፒስተኑን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የዛሬው ገለጻ ለዚያች ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ብልጭታው ለምን ይቀድማል?

ፒስተኑ ድብልቁን ጨምቆ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ ብልጭታው ይነሣል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። እውነቱ ግን ብልጭታው ከዚያ በፊት መነሣት አለበት የሚል ነው፤ ምክንያቱም ቤንዚንና አየር በአንድ ቅጽበት አይነዱም። ነበልባሉ ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሲሊንደሩ ዳር ድረስ ይጓዛል፤ ጉዞውም ጊዜ ይወስዳል። የፎገራ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ውኃ ከቦዩ ራስ ሲለቀቅ ማሳው ጫፍ ወዲያው አይደርስም፤ ስለዚህ ተራው ሳይደርስ ቀደም ብሎ ይለቅቀዋል። የምንፈልገው የግፊቱ ከፍታ ፒስተኑ ጫፉን አልፎ መውረድ እንደ ጀመረ እንዲደርስ ነው። ከዚያ ቀድሞ ከደረሰ ወደ ላይ የሚመጣውን ፒስተን ይገፋዋል፤ ዘግይቶ ከደረሰ የሚሸሸውን ፒስተን ይከተለዋል።

ቁጥሩን በሰሌዳው ላይ እንየው። ሞተሩ በደቂቃ 850 ዙር ሲዞር አንዱ ዙር 70.6 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ብልጭታው ከላይኛው ጫፍ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ ቢነሣ፣ የተሰጠው ጊዜ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። አሁን ፍጥነቱን አራት እጥፍ አድርገን 3,400 ዙር ላይ እናድርሰው። አንዱ ዙር 17.6 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ ያው 7.5 ዲግሪ ደግሞ ከ0.4 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይሰጣል። ያንኑ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ለመመለስ ብልጭታው 30 ዲግሪ መቅደም አለበት። በእርግጥ ፍጥነት ሲጨምር የድብልቁ መናወጥ ነበልባሉን ስለሚያፈጥነው ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ ቢሆንም አቅጣጫውን በትክክል ያሳያል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት በዙር ኃይል የሚከፈቱ ክብደቶች፣ ወይም ከካርቡሬተሩ በሚመጣ የአየር መሳብ የሚሠራው ሽፋን የተፈጠሩት ፍጥነትና ጭነት ሲለወጥ ብልጭታውን በራሳቸው እንዲያስቀድሙ ነው።

የእኔም ስሕተት እዚህ ላይ ይገለጣል። ሞተር በዝግታ ሲሠራ፣ ያለ ጭነት፣ ከሚገባው በላይ መቅደም ይስማማዋል፤ ለጆሮም ያምራል። እኔ በጆሮዬ ምናልባት 18 ዲግሪ ላይ አድርሼው ይሆናል። ክብደቶቹ በዚያ ላይ 22 ዲግሪ ያህል ሲጨምሩ፣ ዳገቱ ላይ ጠቅላላው 40 ዲግሪ ደረሰ ማለት ነው። መነሻው 7.5 ቢሆን ኖሮ ጠቅላላው 30 ገደማ በሆነ ነበር። በሜዳው ጭነቱ ቀላል ስለነበር ምንም አልታየም። አራት ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ ግን ነበልባሉ ያልደረሰበት ድብልቅ በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ጊዜ ፈነዳ። እናቴ የሰማችው ድምፅ እሱ ነበር።

አየር ብቻውን ሲያቀዘቅዝ

በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲሞቅ መርፌው ይወጣል፣ ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎት ይታያል። ቮልስ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። በዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ግፊትና የጄነሬተር መብራት አሉ፤ የሲሊንደር ራስ ሙቀት የሚያሳይ መሣሪያ አልተገጠመም። የማቀዝቀዣው ፋን በጄነሬተሩ ዘንግ ላይ ስለተተከለ፣ የጄነሬተሩ መብራት በጉዞ ላይ ድንገት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው መቆም ግዴታ ነው። የብልጭታው ሰዓት ሲዛባ ግን የሚበራ መብራት የለም።

መዛባቱ በሁለቱም አቅጣጫ ጎጂ ነው። እጅግ ሲቀድም የሲሊንደሩ ግፊትና ሙቀት ከልክ ያልፋል፤ ፒስተን ይበሳል። ሲዘገይ ደግሞ ድብልቁ እየነደደ ወደ ማስወጫው ይወጣል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቩና የሲሊንደሩ ራስ ይግላሉ፤ ጉልበት ይጠፋል፣ ቤንዚን ይባክናል። ሦስተኛው ሲሊንደር ቀድሞ የሚጎዳበትም ምክንያት አለው። በቀደምት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በፋኑ ሽፋን ውስጥ፣ ወደዚያ ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ቆሟል። ስለዚህ አየሩ የሚደርሰው ሞቆና ቀንሶ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴሎች ላይ ማቀዝቀዣውን ከዚያ መንገድ አውጥቶ የራሱን የአየር መውጫ ሰጠው።

በአምፖል እንዴት ይስተካከላል?

ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ መጀመሪያ የፑንቲናው ክፍተት፣ ቀጥሎ የብልጭታው ሰዓት። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ፑንቲናው ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ ሲጠብ ይዘገያል። ሰዓቱን አስተካክሎ ከዚያ ፑንቲናውን የሚነካ ሰው የሠራውን መልሶ ያፈርሳል።

ሁለተኛ፣ ዜሮን ማግኘት። በፑሊው ጠርዝ ላይ ምልክት አለ፤ ጠቋሚው ደግሞ የሞተሩ አካል ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት የመሐል መሥመር ነው። ነገር ግን ምልክቶቹ ከሞዴል ሞዴል ይለያያሉ፤ በእኛ አገር ደግሞ ፑሊውና ሞተሩ አብረው ያልተወለዱበት ቮልስ ብዙ ነው። ከተጠራጠራችሁ ራሳችሁ ፈልጉት። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጡና በምትኩ ፒስተኑን ከጫፉ በፊት የሚያስቆም፣ ጫፉ የደነዘዘ ማገጃ ቡሎን እሰሩ። ሞተሩን በእጅ በዝግታ እያዞራችሁ ፒስተኑ ሲነካ ፑሊው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ወደ ኋላ እያዞራችሁ ከሌላው ወገን ሲነካ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መካከል ትክክለኛው የላይኛው ጫፍ ነው። የጋሼ ጥያቄ መልስ ይህ ነበር። ማገጃውን ማውጣት እንዳትረሱ።

ሦስተኛ፣ ዲግሪን ወደ ሚሊ ሜትር መለወጥ። የፑሊው ስፋት 17 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 534 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ዲግሪ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ 7.5 ዲግሪ ደግሞ 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በክርና በማስመሪያ የሚለካ ነገር ነው። ለብዙዎቹ የ1300 ሞተሮች ልኩ 7.5 ዲግሪ ነው፤ 10 ዲግሪ፣ ዜሮ፣ እንዲያውም ከጫፉ በኋላ 5 ዲግሪ የተሰጣቸውም አሉ። ስለዚህ የሞተሩን ቁጥርና የዲስትሪቢዩተሩን ዓይነት ሳታዩ የጎረቤትን ቁጥር አትቅዱ።

አራተኛ፣ ሞተሩን ወደ ሥራ አቅጣጫው አዙራችሁ ምልክቱን ከመሥመሩ ጋር አግጥሙ፤ የዲስትሪቢዩተሩ ጣት በጠርዙ ላይ ወዳለችው ጭረት ማመልከቱን አረጋግጡ። የመቀጣጠል ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ስለሆነ የአንደኛውና የሦስተኛው ፒስተኖች አብረው ጫፍ ይደርሳሉ። ጣቱ ወደ ጭረቷ ካላመለከተ ተራው የሦስተኛው ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ።

አምስተኛ፣ አምፖሉ። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደው ሽቦ ያለበት ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። አምፖሉ እንደ መኪናዋ ባለ 6 ወይም ባለ 12 ቮልት ይሁን። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን ግን አታስነሡ። የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ አላልታችሁ አካሉን እንደ ሰዓት ዘንግ አዙሩት፤ ፑንቲናው ሲዘጋ አምፖሉ ይጠፋል። ከዚያ በተቃራኒው በጣም በዝግታ መልሱት። አምፖሉ ብልጭ ያለበት ቅጽበት ፑንቲናው የተከፈተበት፣ ካንዴላውም የሚተኩስበት ቅጽበት ነው። እዚያው አጥብቁ፤ ሞተሩን ሁለት ዙር በእጅ አዙራችሁ አምፖሉ በምልክቱ ላይ መብራቱን ደግማችሁ አረጋግጡ። ቁልፉንም ቶሎ ዝጉ፤ ፑንቲናው ተዘግቶ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ቦቢናው ይግላል። የሚበራ የሰዓት መለኪያ መብራት ያለው ሰው በመጨረሻ በከፍተኛ ዙር ጠቅላላውን ይመልከት፤ ለተለመደ ሞተር ብዙ ባለሙያዎች ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ይፈልጋሉ።

ከፍታችን ምን ይለውጣል?

ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት በወረታ የባሕር ጠለሉን 80 ከመቶ፣ በደብረ ታቦር 72 ከመቶ ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ ነበልባሉ ይዘገያል፤ በራሱ የመፈንዳት አደጋውም ይቀንሳል። ስለዚህ የደጋ ሞተር ከመጽሐፉ ጥቂት ዲግሪ ቢቀድም ይሸከመዋል። ነገር ግን ለደጋ የተቀደመች መኪና ከ1,000 ሜትር በታች ወዳለው ወደ መተማ ስትወርድ ያው ቅድሚያ ትርፍ ይሆናል። ሙቀቱም ይጨምራል። ስለዚህ ምክሬ ቁጥብ ነው፤ የፋብሪካውን ልክ ያዙ፤ ከተነካም የተነካውን ጽፋችሁ መኪናዋ ውስጥ አስቀምጡ።

ቮልስ የሌለው የፎገራ ገበሬስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ ሩዙ ታጭዶ ሽንኩርት በተተከለበት ማሳ ላይ አንድ ገበሬ ዘመዴ አስጠራኝ። የውኃ መሳቢያው አልነሣ ብሎት ነበር። ሽንኩርቱ ውኃ ካገኘ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ለዘርና ለማዳበሪያ የተበደረውም ብር አለ። እኔ በዶክትሬቴ ኮርቼ ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ አጠብሁ፣ ካንዴላውን ለወጥሁ፣ ብልጭታው መኖሩን አየሁ። ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን ገበሬው፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ገመዱን ስስበው እጄን መልሶ ይነጥቀኛል፤ ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለኝ። ያን ጊዜ የራሴ የተበሳው ፒስተን ትዝ አለኝ። ብልጭታ ነበረ፤ ሰዓቱ ግን ቀድሞ ነበር።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ የሚዞር ዲስትሪቢዩተር የለም። በፍላይዊሉ ላይ ያለው ማግኔት በቦቢናው አጠገብ ሲያልፍ ብልጭታው ይነሣል፤ ሰዓቱም በብዙዎቹ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ላይ የተወሰነ ነው። ያን የሚጠብቀው ፍላይዊሉን ከዘንጉ ጋር የሚያስተካክል፣ ለስላሳ የሆነ ትንሽ የብረት ቁራጭ ነው። የዘንጉ ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 63 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር መንሸራተት 6 ዲግሪ ያህል ነው። በቮልስ ፑሊ ላይ ያው አንድ ሚሊ ሜትር ከአንድ ዲግሪ አይሞላም ነበር። ፍላይዊሉን ስናወጣ ቁራጩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ተሸርፎ አገኘነው፤ ብልጭታው 11 ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱን ስንፈልግ ወደ ወንዙ ደረስን። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ማጣሪያ ወልቆ ጠፍቷል። ጠጠር ገብቶ የውኃውን መዘውር ድንገት አስቁሞት፣ ዘንጉ ሲቆም ከባዱ ፍላይዊል ወደፊት ተንሸራትቶ ቁራጩን ሸርፎታል። በከተማው አዲስ ቁራጭ ገዝተን፣ ዘንጉንና የፍላይዊሉን ቀዳዳ ከዘይት አጽድተን፣ ብሎኑን በሚገባ አጥብቀን ገጠምነው፤ በሁለተኛው ስበት ተነሣ። በቁራጩ ፈንታ ምስማር ቆርጦ መግጠም ግን ስሕተት ነው፤ ጠንካራው ምስማር በሚቀጥለው ግጭት ዘንጉን ይሰብራል። ማሳው ውኃ ሲያገኝ ከሽንኩርቱ ሲሶው ጠውልጎ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ቀን የእኔ ነበሩ፤ ገበሬው አልወቀሰኝም፤ እኔ ግን እቆጥራቸዋለሁ። ገመዱ እጅን መመለሱን መጀመሪያ ብጠይቅ ኖሮ አንድ ሰዓት ይበቃን ነበር።

ከተሰብሳቢው የቀረበ ጥያቄና መልስ

ተማሪ፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ አዳዲሶቹንም ሞተሮች ኮምፒዩተር ያስተካክላቸዋል። ይህን መማር ለምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። ኮምፒዩተሩም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በዘንጉ ላይ ያለው ሴንሰር ዜሮን ይነግረዋል፤ መንኳኳትን የሚያዳምጠው ሴንሰር ደግሞ እናቴ የሰማችውን ድምፅ ሰምቶ ብልጭታውን ያዘገያል። መርሁን የማያውቅ ሰው ኮምፒዩተሩ ያወጣለትን ቁጥር አንብቦ ዕቃ ይለውጣል እንጂ ምክንያቱን አያገኝም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ጉማራ ድልድይ ብትሄዱ፣ በዚህ በጋ ሽንኩርት የሚያጠጡት ሞተሮች አየር የሚያቀዘቅዛቸው፣ ኮምፒዩተር የሌላቸው ናቸው። የናፍጣ የሆኑትም ብልጭታ ባይኖራቸው ነዳጁ የሚረጭበት ሰዓት አላቸው፤ መርሁ አንድ ነው። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በወርክሾፑ አንድ ቮልስና ሁለት መሳቢያ እናስቀምጣለን። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አምፖልና ሁለት ሽቦ ይዞ ይምጣ፤ መጀመሪያ የምጠይቀውም «ዜሮህ የት ነው?» ብዬ ነው።